የደብረ ዘይቱ የኤፍ-5 ስኳድሮን፦ ድሉ የማን ነበር? ክፍሉስ መቼ ፈረሰ?

በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በኦጋዴን በኩል ሲገባ ኢትዮጵያ በአራቱም ማዕዘን ተወጥራ ነበር። ኤርትራ ውስጥ ከተሞች አንድ በአንድ ከመንግሥት እጅ እየወጡ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የሽብሩ ግድያ ተፋፍሟል፤ ለሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ ጠመንጃውንም አውሮፕላኑንም ስታቀርብ የኖረችው አሜሪካ ፊቷን አዙራለች፤ ደርግም በሚያዝያ ወር የአሜሪካንን ወታደራዊ አማካሪዎች ከአገር አስወጥቷል። ምድር ላይ የሆነው እንዲህ ካለ አገር የሚጠበቀው ነው። የሶማሊያ ታንኮች ጎዴን፣ ቀብሪደሃርንና ደጋሐቡርን አልፈው መስከረም 1970 ሲጠባ ጅጅጋን ያዙ። ሰማዩ ግን ለሶማሊያ አልሆነም። በቁጥር የሚበልጡት የሶማሊያ ሚግ-17ና ሚግ-21 ተዋጊዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የበላይነቱን አጡ። ያሳጣቸውም ከደብረ ዘይትና ከድሬዳዋ እየተነሣ የሚገጥማቸው አነስተኛ የኤፍ-5 ተዋጊ ጄቶች ክፍል ነበር።

ይህ ታሪክ ሲነገር ሁለት መልክ ይይዛል። አንዱ የጀግና ታሪክ ነው፦ ባጫ ሁንዴ፣ ለገሠ ተፈራና ጓዶቻቸው በወኔ ሚግ ጣሉ። ሌላው የብረት ታሪክ ነው፦ የአሜሪካው አውሮፕላን ከሩሲያው በልጦ ተገኘ። ሁለቱም ሐሰት አይደሉም፤ ነገር ግን ሁለቱም ዋናውን ነገር ይዘሉታል። የ1969ኙን የአየር ውጊያ ያሸነፈው ሠላሳ ዓመት የፈጀ የትምህርት፣ የጥገናና የሥነ ሥርዓት ግንባታ ነው። አብራሪውም አውሮፕላኑም የዚያ ግንባታ ጫፍ ላይ የሚታዩ ክፍሎች ናቸው። ጉዳዩ እንዲህ ከታየ የስኳድሮኑ መፍረስም ሌላ ታሪክ ይሆናል። ክፍሉ በ1983 ዓ.ም. በአንድ ትእዛዝ የተበተነ ሳይሆን ከድሉ ማግሥት ጀምሮ ቀስ በቀስ የተናደ ነው።

ግንባታው ከየት ጀመረ? የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ 25። ከዚያ ወዲህ እነ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ አብራሪነትን ቢማሩም የጣሊያን ወረራ ሲመጣ ያቺ ጥቂት አውሮፕላን ያላት ጅምር ለመከላከል ቀርቶ ራሷን ለማትረፍ የሚበቃ አቅም አልነበራትም። ያንን ወረራ ያየ መንግሥት የአየር ኃይልን ነገር እንደ ጌጥ ሊያየው አይችልም ነበር። ስለዚህ በ1930ዎቹ መጨረሻ ላይ ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ተቀጥሮ ደብረ ዘይት ላይ ሥራ ሲጀምር የተያዘው ዕቅድ ከአውሮፕላን ግዢ ያለፈ ነበር። ሳፊር የተባሉት የመለማመጃ አውሮፕላኖችና ሳብ 17 የተባሉት ቀላል ቦምብ ጣዮች መጡ፤ አብረዋቸውም የበረራ ትምህርት ቤት፣ የመካኒኮች ትምህርት ቤትና ወርክሾፕ ተቋቋሙ። ጊዜ ሲፈተን የታየው የዚህ ቅደም ተከተል ፍሬ ነው።

በ1950ዎቹ አሜሪካውያን የስዊድናውያኑን ቦታ ሲይዙ ጄቶቹም መጡ። መጀመሪያ ቲ-33ና ኤፍ-86፣ በዐሥርቱ ዓመታት ማብቂያ ላይ ኤፍ-5ኤ፣ ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ አሜሪካ በሯን ሙሉ በሙሉ ሳትዘጋ ጥቂት ኤፍ-5ኢ ደረሱ። የክፍሉ አብራሪዎች ለተጨማሪ ሥልጠና አሜሪካ ይሄዱ ነበር። ቴክኒሻኖችም በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የጥገና መመሪያ ገጽ በገጽ እየተከተሉ፣ የፈቱትን ብሎን ሳይቀር በፊርማ እየመዘገቡ መሥራትን ተማሩ። ይህ አሰልቺ የሚመስል ልማድ ነው። ነገር ግን ጄት በወኔ አይነሣም፤ ሞተሩ በየስንት ሰዓቱ እንደሚፈተሽ የሚያውቅ፣ ፍተሻው ካልተፈረመ አውሮፕላኑን የማይለቅ፣ ለመኮንን ቁጣ የማይበገር ባለሙያ ይፈልጋል። እነዚህ ባለሙያዎች ክብራቸው ከአብራሪው እጅግ ያነሰ ነበር። በየካቲት 1966 የደብረ ዘይት አየር ኃይል ባልደረቦች በደሞዝና በኑሮ ጉዳይ ሲያምፁና አብዮቱን ካቀጣጠሉት ክፍሎች አንዱ ሲሆኑ ከቅሬታው ጀርባ የነበረው አንዱ ነገር ይኸው ነው፦ ሥራው ያለ እነሱ አይሄድም፣ ክብሩ ግን ለሌላ ነው።

የእነዚህ ሰዎች ሥራ ውጊያውን እንዴት እንደሚወስን ለማየት አንድ ግጥሚያን ጠጋ ብሎ መመልከት ይበቃል። ኤፍ-5ኢ ቀላልና ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ነው፤ አፍንጫው ላይ ሁለት ባለ 20 ሚሊሜትር መድፎች፣ በክንፎቹ ጫፍ ላይ ደግሞ አንድ አንድ ሳይድዋይንደር ሚሳይል ይይዛል። የዚያ ዘመን ሳይድዋይንደር የጠላት ሞተር ከኋላ የሚተፋውን ሙቀት አሽትቶ የሚከተል ስለሆነ ከፊት ለፊት ተተኩሶ ዋጋ የለውም። አብራሪው ከጠላቱ ጀርባ መግባት አለበት፤ ሚሳይሉ ሙቀቱን ሲያገኝ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ የሚያጉረመርም ድምፅ ይሰማል፤ ያኔ ይተኩሳል። እንግዲህ የውጊያው ጥያቄ ሁሉ ማን ከማን ጀርባ ገባ የሚል ነው። ይህ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው ሁለቱ አብራሪዎች ከመተያየታቸው በፊት ነው። መሬት ላይ ያለው የራዳር ተቆጣጣሪ ሚጎቹ ከየት አቅጣጫ፣ በምን ከፍታ፣ ስንት ሆነው እንደሚመጡ በሬዲዮ ሲነግር አብራሪው ከፍ ብሎና ዞሮ ይጠብቃል። ሳይነገረው የቀረ አብራሪ የቱንም ያህል ጀግና ቢሆን ጀርባውን ሰጥቶ ይገኛል። ከጅጅጋ አጠገብ በካራማራ ተራራ ላይ የነበረው ራዳር ለሥራው ዓይን የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ጅጅጋ ስትወድቅና ቦታው ሲለቀቅ የአየሩ ውጊያ በአብዛኛው ተወስኖ ነበር።

በዚህ ላይ የመሬቱን ከፍታ ጨምሩበት። የደብረ ዘይቱ የሐረር ሜዳ ጦር ሰፈር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ጄቱ ለመነሣት ረጅም ሩጫ ይፈልጋል። ኤፍ-5ኢ የፊት ጎማውን ምሰሶ ከፍ በማድረግ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ሩጫውን የሚያሳጥርበት ዘዴ አለው፤ ቢሆንም ስንት ነዳጅና ስንት ቦምብ ተጭኖ በቀኑ በስንት ሰዓት መነሣት እንደሚቻል ማስላት የዘወትር ሥራ ነው። እንዲህ ያለው ዕውቀት በግዢ ውል ውስጥ አይመጣም። በዚያ ሜዳ፣ በዚያ ሙቀት፣ ለዓመታት ተሞክሮ የሚከማች ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንሂድ። የመጀመሪያው አውሮፕላኑ ነው ያሸነፈው የሚለው ነው፤ ጠንካራ ማስረጃም አለው። ሶቪየቶች ከቬትናም የተላከላቸውን የተማረከ ኤፍ-5ኢ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ካለፈ በኋላ ከራሳቸው ሚግ-21 ጋር አግጥመው ሲፈትኑት በቅርብ የመተናነቅ ውጊያ አሜሪካ ሠራሹ ብልጫ እንዳለው ታዝበዋል። ሚግ-21 ከድምፅ ፍጥነት ሁለት እጥፍ በላይ ይበርራል፤ ኤፍ-5ኢ ያንን አያህልም፤ ፍጥነት ቀንሶ በመጠምዘዝ ግን ይበልጣል። ይሁንና ያ የተፈተነው አውሮፕላን ራሱ ከየት መጣ? የደቡብ ቬትናም አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1975 ሲንኮታኮት ሳይነኩ መሬት ላይ ቆመው ከተማረኩት በርካታ ኤፍ-5ዎች አንዱ ነበር። ያው አውሮፕላን፣ ያው ሚሳይል፣ ያው አሜሪካዊ ሥልጠና አንድ አገር ውስጥ ሜዳ ላይ ቆሞ ሲማረክ ሌላ አገር ውስጥ ሰማይ ያዘ። ልዩነቱን ብረቱ ሊያስረዳው አይችልም። እርግጥ የሁለቱ አገሮች ሁኔታ ብዙ ይለያያል፤ ደቡብ ቬትናም የወደቀችው ሠራዊቷ በምድር ስለተፈታ ነው። ነገር ግን የኢትዮጵያም ምድር ጦር በዚያ ክረምት እየተፈታ ነበር፤ አየር ኃይሉ ግን አልተፈታም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሶማሊያ አየር ኃይል ደካማ ስለነበር ነው የሚል ነው። የሶማሊያ አየር ኃይል በአመዛኙ ከ1952 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ በሶቪየቶች እጅ የተደራጀ ወጣት ክፍል ነው፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። በዚያ ዓመት ሁለቱም አገሮች ደጋፊያቸውን አጥተዋል፦ ኢትዮጵያ በሚያዝያ አሜሪካን፣ ሶማሊያ ደግሞ ኅዳር 4 ቀን 1970 የሶቪየት አማካሪዎችን እስከማባረር በደረሰ ቅራኔ ሞስኮን። ደጋፊው ሲሄድ ሥራውን ማስቀጠል የሚችለው ከእኩያው ብዙ ቀድሞ የራሱን መምህራን፣ የራሱን ተቆጣጣሪዎችና የራሱን የጥገና ባለሙያዎች ያፈራው ነው። ከተቀናቃኙ በዕድሜ መብለጥ ማለት እዚህ ላይ በትምህርት መብለጥ ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚነሣው፣ ጦርነቱን ያሸነፉት ሶቪየቶችና ኩባውያን ናቸው የሚለው ነው። የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ላይ የተገኘውን ድል ያለ ሶቪየት ታንክና መድፍ፣ ወታደርና መኪና ተራራ እያሻገሩ ከጠላት ጀርባ ካወረዱት ሄሊኮፕተሮች፣ ከ15,000 በላይ ከሆኑት የኩባ ወታደሮች ውጭ ማሰብ አይቻልም፤ ይህን መካድ ታሪክን ማዛባት ነው። ዋናው ነገር ግን የጊዜው ቅደም ተከተል ነው። ታላቁ የሶቪየት የአየር ማጓጓዝ ዘመቻ የተጀመረው በኅዳር 1970 ነው። ሐምሌን፣ ነሐሴንና መስከረምን፣ ማለትም ድሬዳዋና ሐረር ሊወድቁ የተቃረቡባቸውን ወራት፣ ሰማዩን የያዙት ኢትዮጵያውያን ናቸው። የሶማሊያ ታንኮች ወደ ፊት በገሠገሡ ቁጥር የስንቅና የነዳጅ መስመራቸው እየረዘመ፣ መከለያ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ለአየር ጥቃት እየተጋለጠ ሄደ። ሰማዩ የሶማሊያ ቢሆን ኖሮ ኋላ የመጣውን እርዳታ የተሸከሙት አውሮፕላኖች ያለ ስጋት የሚወርዱበት አገር አይኖርም ነበር። እርዳታው ድሉን አመጣ፤ እርዳታው እስኪደርስ አገሪቱን ያቆያት ግን ቀድሞ የተገነባው ተቋም ነው።

የተጣሉ ሚጎች ቁጥር በዚህ ክርክር ውስጥ የማይገባው ሆን ተብሎ ነው። አሐዙ ከጸሐፊ ጸሐፊ ይለያያል፤ በየትኛውም የአየር ጦርነት አብራሪዎች የጣሉት ብለው የሚቆጥሩትና ሌላው ወገን ያጣሁት ብሎ የሚመዘግበው ተገናኝቶ አያውቅም። አንድ አብራሪ ስድስት ጣለ ወይም አራት ጣለ የሚለው ሙግት ለዝና ይጠቅም እንደሆነ እንጂ ውጤቱን አይለውጠውም። የአየር መከላከያ ተዋጊ ክፍል የሚመዘነው ጠላት ሰማዩን መጠቀም መቻሉን ወይም አለመቻሉን በማየት ነው፤ በዚህ ሚዛን የኤፍ-5 ስኳድሮን ግዳጁን ፈጽሟል።

ይህን የሚል ጸሐፊ ሌላውን ገጽ መደበቅ አይችልም። ይኸው አየር ኃይል ከኦጋዴን በፊትም በኋላም በገዛ አገሩ ሰዎች ላይ ቦምብ ጥሏል። በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር ከንጉሡ ጎን ቆሞ በክብር ዘበኛ ላይ ተሰማርቷል፤ በኤርትራ ለዓመታት መንደሮችን ደብድቧል፤ ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ደግሞ የደርግ ተዋጊ አውሮፕላኖች ትግራይ ውስጥ ሐውዜን ላይ በገበያ ቀን የተሰበሰበ ሕዝብ ፈጁ። ለእነዚያ ቤተሰቦች የደብረ ዘይት ጄት ድምፅ የመከላከያ ድምፅ አይደለም። ሐቁ ተቋም በራሱ ሕሊና የለውም የሚል ነው፤ ጥሩ ጥገና የተደረገለት አውሮፕላን ወደ ታዘዘበት ይሄዳል። ይህ የሙያ ብቃቱን ዋጋ አያሳጣውም፤ ነገር ግን ብቃቱን ለማን ተጠሪ ማድረግ ይገባል የሚለውን ጥያቄ ከማንም በላይ አጣዳፊ ያደርገዋል። ደርግ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ነው ክፍሉን ከውስጥ ያፈረሰው።

የመጀመሪያው ንደት ከድሉ ጋር አብሮ መጣ። የአሜሪካ መለዋወጫ ሲቋረጥ ከአንዱ አውሮፕላን ፈትቶ ሌላውን ማስነሣት የተለመደ ሆነ። የሆነ ያህል እርዳታ በድብቅ የምታቀብለው እስራኤል ነበረች፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሞሼ ዳያን በጥር 1970 ጉዳዩን በአደባባይ ሲያወጡት ግን ደርግ ግንኙነቱን አቋረጠ። ከዚያ በኋላ አየር ኃይሉ በሚግ-21ና በሚግ-23 ተሞላ። የአውሮፕላን ዓይነት መለወጥ ለውጭ ተመልካች የቀለም ለውጥ ይመስላል፤ ለጥገና ባለሙያው ግን ቋንቋው፣ መለኪያው፣ መመሪያው፣ መለዋወጫው ሁሉ እንደ አዲስ የሚጀመርበት ነው። ለገሠ ተፈራ ተመትቶ ሶማሊያ ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ገደማ ታስሮ በ1980 ዓ.ም. ሲመለስ የጀግና ኒሻን ተቀበለ፤ የተመለሰበት አየር ኃይል ግን ሲዋጋበት የነበረው አልነበረም።

ሁለተኛው ንደት የበለጠ ከባድ ነው፣ ሰው ላይ ስለ ወረደ። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ጄኔራሎቹ በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ሲከሽፍ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምኃ ደስታ ሞቱ። የቀድሞው አዛዥ ፋንታ በላይም ተይዘው ከእስር በሕይወት አልወጡም። የተረፉት ጄኔራሎች በዓመቱ ተረሸኑ። በአንድ ዓመት ውስጥ የዐሥርት ዓመታት ዕውቀት የያዘ የአመራር ትውልድ ጠፋ፤ በቀሩትም ላይ ጥርጣሬ ሠለጠነ። ሬዲዮ ላይ የሚናገረውን ተቆጣጣሪ ማመን የሥራው መሠረት በሆነበት ክፍል ውስጥ ጥርጣሬ ከመለዋወጫ እጦት የከፋ ጉዳት ነው። ግንቦት 20 ቀን 1983 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ አብራሪዎች አስቀድመው አውሮፕላን እያስነሡ ወደ ጎረቤት አገሮች ሸሽተው ነበር። ሠራዊቱን የበተነው አዋጅ ያገኘው ከውስጥ የፈረሰ ቤት ነው።

ይህ ማለት ግን የ1983ቱ መበተን ጉዳት አላደረሰም ማለት አይደለም። አሸናፊዎቹ የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፦ ሐውዜንን ያየ ታጋይ ያንን አየር ኃይል እንዳለ ይረከብ ማለት ከሰው አቅም በላይ መጠየቅ ነው፤ ወንጀል የፈጸሙ መኮንኖችም መጠየቅ ነበረባቸው። ነገር ግን ተጠያቂነት በሰው በሰው የሚለይ ነገር ነው። የሞተር ቴክኒሻኑ፣ የራዳር ተቆጣጣሪው፣ የትምህርት ቤቱ መምህር ከቦምብ ጣዩ ጋር በአንድ መዝገብ ተጠቃለው ወደ ተሐድሶና ወደ ጎዳና ሲሄዱ የተበተነው አገሪቱ የከፈለችበት ትምህርት ነው። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ማስረጃው መጣ። በግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ መንግሥት የቀድሞዎቹን አብራሪዎችና ባለሙያዎች እየፈለገ ወደ ሥራ ጠራ። በደርግ ዘመን የበረሩት በዛብህ ጴጥሮስ በዚያ ጦርነት መጀመሪያ ላይ አስመራ አቅራቢያ ተመትተው ተማርከዋል። ኋላም ሱ-27 ተዋጊዎች ሲገዙ የውጭ ባለሙያዎች አብረው መጡ። የተበተነው ዕውቀት አላስፈላጊ ቢሆን ኖሮ በዚያ ጥድፊያ አይፈለግም ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ለናፍቆት አይመችም። የንጉሡ ዘመን ተቋም በውጭ ገንዘብና በውጭ መለዋወጫ የቆመ ስለነበር አንድ ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ላይ ሐሳቡን ሲቀይር ክንፉ ተሰበረ፤ የደርጉም እንዲሁ በሞስኮ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ጥገኝነቱ ግን አውሮፕላኑን እንጂ ሰዎቹን አልጨመረም፤ በ1969 ክረምት አሜሪካውያኑ ከሄዱ በኋላ ጄቶቹ መነሣታቸው ይህንን ያረጋግጣል። ስለዚህ የወታደር ክፍል ማፍረስ አንዳንዴ ተገቢ፣ አንዳንዴም ግድ ሊሆን ይችላል፤ አውሮፕላን ያረጃል፣ ጠላት ይለወጣል፣ መንግሥት ይወድቃል። ሊፈርስ የማይገባው መመዝገብን፣ መፈተሽንና ማስተማርን የለመደው የሰው ሰንሰለት ነው፤ እሱን ጠብቆ ለሕግ ተጠሪ ማድረግ የመንግሥት ሥራ ነው። ኢትዮጵያ በሃያ ዓመት ውስጥ ያንን ሰንሰለት ሦስት ጊዜ በጠሰች፦ በርዕዮተ ዓለም ለውጥ፣ በጄኔራሎች ግድያና በጅምላ ብተና። ሦስቱንም ጊዜ መልሳ ለመቀጠል የከፈለችው ዋጋ ሰንሰለቱን ይዞ ለመቆየት ከሚያስፈልገው እጅግ ይበልጣል።